ዋንጫው ያልወጣው ተራራ፦ የኢትዮጵያ ሻምፒዮኖች ዝርዝርና ዋግ

ሰቆጣ ላይ ጁቬንቱስ የጣሊያንን ሊግ ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ የሚነግር ወጣት ማግኘት አይከብድም። 36 ብሎ ይጀምርና እ.ኤ.አ. በ2006 በቅሌቱ ምክንያት ስለተነጠቁት ሁለት ዋንጫዎች ሲከራከር ሻዩ ይቀዘቅዛል። ያው ወጣት እ.ኤ.አ. በ1978 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ማን እንደነበር ቢጠየቅ ግን ዝም ይላል። አይፈረድበትም፤ አዲስ አበባ ላይም የሚመልሰው ጥቂት ነው። መልሱ ኦጋዴን አንበሳ ነው፤ የሐረር ቡድን። ዓመቱ ደግሞ ከሶማሊያ ጋር የተደረገው የኦጋዴን ጦርነት ያበቃበት ዓመት ነው።

መገጣጠሙ አጋጣሚ ሊመስል ይችላል። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ላነበበ ሰው ግን አይመስለውም። የኢትዮጵያ ሻምፒዮኖች መዝገብ ኳስ ማን በደንብ እንደተጫወተ ብቻ አይናገርም። በዚያ ዓመት ጦሩ የት እንደነበረ፣ ባቡሩ የት እንደቆመ፣ ፋብሪካው የት እንደተተከለ፣ በጀቱ በየትኛው ቢሮ እንደተፈረመ ይናገራል። ከሰማንያ ዓመት በላይ በሆነው በዚህ መዝገብ ውስጥ ከዋግ የተነሳ ቡድን አንድም ጊዜ ስሙ አልሰፈረም። በፕሪሚየር ሊጉ ተሰልፎም አያውቅም።

(የቆዩት ውድድሮች በመዝገብ የሰፈሩት በአውሮፓ ዓመት ነው። ስለዚህ ፕሪሚየር ሊጉ ከተጀመረበት ከ1990 ዓ.ም. በፊት ያሉት የውድድር ዓመታት እዚህም እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከስም ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ ተመሠረተ። ወራት ሳይቆይ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ፋሺስቶቹ ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይጫወቱ ከለከሉ፣ የክለቡንም ስም ቀይረው «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሉት። ሊቶሪዮ ማለት የፋሺስቶቹ ምልክት ነው። በአገራቸውም ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ የሚላኑን ኢንተር «አምብሮዚያና»፣ እንግሊዝኛ ስም የነበረውን ጄኖዋን «ጄኖቫ» አሰኝተዋል። ኳስን በስም መግዛት ሮም ላይ የተጀመረ ሥራ ነበር፤ አዲስ አበባ የመጣው ከወታደሩ ጋር ነው።

በዚያው ዘመን ዋግ ውስጥ የነበረው ታሪክ ሌላ ነው። የዋግሹሞቹ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1929 ዓ.ም. ማብቂያ በዋግና በላስታ ያለውን ሕዝብ አስነስተው ጣሊያንን ተዋጉ። በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ ታየ። ውቤ ሰፈር ላይ በሊቶሪዮ ስም ኳስ ሲመታ፣ ተከዜ ማዶና ወዲህ የነበረው ትውልድ ሬሳ ይቀብር ነበር። ይህ የሚነሳው ለውድድር አይደለም። የኢትዮጵያ ስፖርት ታሪክ የሚጻፈው ሁልጊዜ ከሜዳው ዳር ቆሞ ስለሆነ፣ ሜዳ ያልነበረው አገር በዚያ ዓመት ምን ላይ እንደነበረ ማን ያስታውሳል?

ከነጻነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተደረገ። የተሰለፉት አምስት ቡድኖች የከተማዋን ማኅበረሰቦች የሚወክሉ ነበሩ፦ ኢትዮጵያውያን በቅዱስ ጊዮርጊስ፣ አርመኖች በአራራት፣ ግሪኮች በኦሎምፒያኮስ፣ ጣሊያኖች በፎርቲቱዶ፣ እንግሊዞች በወታደራዊ ልዑካቸው ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሻምፒዮን የሌላ አገር ጦር ነው ማለት ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ጣሊያንም እንዲሁ ጀምራለች። እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 1898 ቶሪኖ ላይ በአንድ ቀን ተጀምሮ ያለቀውን የመጀመሪያውን የጣሊያን ሻምፒዮና የወሰደው ጄኖዋ፣ በእንግሊዞች የተቋቋመ ክለብ ነበር። ልዩነቱ ጄኖዋን የመሠረቱት በወደብ የሚሠሩ ነጋዴዎች ሲሆኑ፣ አዲስ አበባ ላይ ያሸነፉት ባለ መለዮዎች መሆናቸው ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በጣሊያን ኳስን ያሳደገው ንግድና ኢንዱስትሪ ነው፤ በኢትዮጵያ መንግሥት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 «ቀይ ባሕር» የሚባል ክለብ አሸነፈ። ኤርትራ ያኔ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ናት፤ ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም፣ ጉዳዩም በዓለም መድረክ እየተጎተተ ነው። ከዚያ መቻል መጣ፤ የጦር ሠራዊቱ ክለብ። እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1956 ባሉት ዓመታት ዝርዝሩን የሚቆጣጠረው እሱ ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያ ዋንጫውን እ.ኤ.አ. በ1950 ከመሃል ገብቶ ነጠቀ። ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዋናው ሥራ ዘመናዊ ጦር መገንባት በነበረበት ዘመን፣ ተጫዋች ደመወዝ፣ ምግብና የልምምድ ጊዜ የሚያገኘው ጦር ውስጥ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1952 ኤርትራ በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ መዝገቡ ፊቱን ወደ ሰሜን አዞረ። በ1955 ሐማሴን፣ በ1957 እንደገና ሐማሴን፣ በ1958 አከለ ጉዛይ፣ በ1959 የአስመራው ቴሌ። አስመራ በኳስ ከአዲስ አበባ ቀደም ያለች ከተማ ነበረች፤ የጣሊያን ክለቦች ለአሥርተ ዓመታት የተጫወቱባት፣ ሜዳና ዳኛ ያላት። በ1969 እና በ1970 ቴሌ፣ በ1972 እና በ1973 አስመራ፣ በ1974 እምባሶይራ አሸነፉ። ከ1974 በኋላ ከኤርትራ ያሸነፈ ቡድን በዝርዝሩ ላይ የለም። በዚያ ዓመት አብዮቱ ፈነዳ፣ ሰሜን ላይ ጦርነቱ ተባባሰ፣ አስመራ የከበባ ከተማ እየሆነች ሄደች። አንድ ከተማ ከአገር ስትለይ ከሪፈረንደሙ በፊት ከሻምፒዮኖች ዝርዝር ላይ እንደምትጠፋ የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ሰነድ አይገኝም።

ከሁለቱ የአስመራ ዘመናት መሃል ያለው የድሬዳዋ ነው። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 ዋንጫ ወሰደ። ባቡር፣ ፋብሪካ፣ ደመወዝተኛ፤ ለክለብ የሚያስፈልገው ሁሉ ድሬዳዋ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1962 አዲስ አበባ ላይ ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ብሔራዊ ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ለዚህ ክለብ የተጫወተ ሰው ነው። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት። ፋሺስቶቹ በዘር ሕጋቸው «ክልስ» ብለው የገፉት ልጅ አድጎ ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። የዚያ ቡድን ጥንካሬ የአስመራ፣ የድሬዳዋና የአዲስ አበባ ድምር ነበር። በአሠልጣኝነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ከ1972 እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ፣ እስከ 1987፣ አገልግለዋል። ኢትዮጵያ ያንን ዋንጫ ዳግመኛ አላነሳችም።

የደርግ ዘመን ስሞች ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም። በ1977 ምድር ባቡር፣ በ1978 ኦጋዴን አንበሳ፣ በ1979 ኦሜድላ፣ በ1980 ትግል ፍሬ፣ በ1981 እርምጃችን። የመጨረሻዎቹ ሁለት የእግር ኳስ ክለብ ከመሆናቸው በፊት የቀበሌ ስብሰባ መፈክር ይመስላሉ። ኦሜድላ ብቻ ያስገርማል። የፖሊሱ ክለብ ስሙን ያገኘው አፄ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ሲገቡ ሰንደቅ ዓላማ ከሰቀሉባት የጠረፍ ቦታ ነው። ንጉሡን ያወረደው መንግሥት ይህን ስም እንዳለ ተወው፤ ወይ ረስቶታል፣ ወይ ፖሊስን ማስቀየም አልፈለገም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ግን እንደዚያ አልተተወም፤ በቢራ ፋብሪካው ስም የተጫወተበት ጊዜ አለ። ያው ክለብ በፋሺስት አንድ ጊዜ፣ በሶሻሊስት ሌላ ጊዜ ስሙን አጣ። ደጋፊው ግን ሁለቱንም ጊዜ ጊዮርጊስ እያለ ነው የጠራው።

በእነዚያ ዓመታት ዋግ የወሎ ክፍለ ሀገር አንድ አውራጃ ነበር። በ1966 እና በ1977 የደረሱት ረሃቦች ካደቀቋቸው አካባቢዎች ግንባር ቀደም ነው። መቻል በ1984 እ.ኤ.አ. ሻምፒዮን ሲሆን የዋግ ሰው እህል ፍለጋ ወደ ኮረም ይወርድ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ክለብ ማውራት ነውር ይሆን ነበር። ችግሩ፣ ስለ ክለብ ማውራት ነውር የሆነበት ጊዜ ለዋግ አልቆ አለማወቁ ነው።

በ1990 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ መብራት ኃይል ወሰደ። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን በአንድ ቃል የጊዮርጊስ ነው፤ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ 16 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ። ስለዚህ ክለብ ኃይል ብዙ ተጽፏል፣ እዚህ መድገም አያስፈልግም። ትኩረት የሚገባቸው በመሃል ሾልከው የገቡት ናቸው። ከአዲስ አበባ ውጪ የመጀመሪያው የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን በ1996 ዓ.ም. ሐዋሳ ከተማ ነው፤ በ1999 ደገመው። ሐዋሳ ያኔ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ናት። ፌዴራሊዝሙ አሥር ዓመት ሲሞላው ዋንጫው ወደ ክልል ርእሰ ከተማ ወጣ። በ2003 ኢትዮጵያ ቡና ደጋፊውን አስለቀሰ። በ2005 ደደቢት አሸነፈ፤ ይህ ደግሞ ሕወሓት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የትጥቅ ትግል የጀመረበት በረሃ ስም ነው። ቀይ ባሕር፣ ኦሜድላ፣ ደደቢት፤ ሦስት መንግሥታት፣ ሦስት የፖለቲካ ቦታዎች፣ በአንድ የኳስ መዝገብ ላይ። ደደቢት ሻምፒዮን ከሆነ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ ከሊጉ ወረደ። ያ ዓመት የስሙ ባለቤቶች ከአዲስ አበባ ሥልጣን የለቀቁበት ማግስት ነበር።

ከ2010 እስከ 2013 ዓ.ም. ያሉት ዓመታት ደግሞ ዝርዝሩ እንደ ዜና መነበብ የጀመረባቸው ናቸው። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር ባደገበት ዓመት ዋንጫ በላ። በ2011 መቐለ 70 እንደርታ፤ ባደገ በሁለተኛ ዓመቱ፣ ዋንጫው እስከ መጨረሻው ቀን ሳይለይ ቆይቶ። የሁለቱም አሠልጣኝ አንድ ሰው ነው፤ ገብረመድኅን ኃይሌ። በ2012 ኮቪድ ውድድሩን ሰረዘው። በ2013 ፋሲል ከነማ።

ከዚህ በፊት ግን ወልድያን ማንሳት ያስፈልጋል። ለሰቆጣ ሰው በቅርብ ዓመታት ከታዩት የሊጉ ቡድኖች የሚቀርበው እሱ ነበርና። ሼህ ሙሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ያሠሩት ስታዲየም በጥር 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ወልድያ ከ25,000 በላይ ሰው የሚይዝ ሜዳ አገኘች። ከዋግ ተነስቶ አንድ ቀን ተጉዞ ጊዮርጊስን በዓይን ማየት የሚቻልበት ዘመን መጣ ተባለ። አልቆየም። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ከመቐለ ከተማ ጋር በነበረው ጨዋታ ሰበብ ከተማዋ ውስጥ ግጭት ተነሳ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ወልድያ ከሊጉ ወረደ። ስታዲየሙ ቀረ፤ ሊጉ ሄደ። ሁለት የአገር ክፍሎች ወደ ጦርነት ከመግባታቸው ሦስት ዓመት በፊት ነገሩ መጀመሪያ የታየው በኳስ ሜዳ ነበር፤ ያኔ «የደጋፊዎች ጸብ» ተብሎ ታለፈ።

ወደ ፋሲል እንመለስ። ክለቡ በ1960 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ያደገው ግን በ2009 ነው። ከእሱ በፊት ጎንደርን በሊጉ የወከለው ዳሽን ቢራ ነበር፤ እንደገና ፋብሪካ። የፋሲል ዋንጫ ከዛሬው አማራ ክልል የተነሳ ቡድን ያነሳው የመጀመሪያው የአገር ሻምፒዮንነት ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ አንድም የለም። ይህን ያህል ሕዝብ ላለው የአገር ክፍል ከሰባ ዓመት በላይ ረጅም ጊዜ ነው። በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ የተመራው ቡድን ጨዋታውን አሳምሮ ነበር፤ ዋንጫው ይገባው ነበር። ያም ሆኖ በዚያ ዓመት ሊጉ ጎዶሎ ነበር። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ስለጀመረ የትግራዮቹ ሦስት ክለቦች፣ መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ፣ አልተሰለፉም። በ2011 ሻምፒዮን የነበረው ቡድን በሚቀጥለው ሙሉ የውድድር ዓመት ሜዳ ላይ አልነበረም። አስመራ እንደጠፋችው መቐለም ከመዝገቡ ጠፋች፤ ልዩነቱ መቐለ ተመልሳለች፤ ሦስቱም ክለቦች በ2017 ዓ.ም. ወደ ሊጉ ገብተዋል።

ሌላም ነገር አለ። በ2013 ሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአምስት ዓመት 68 ሚሊዮን ዶላር በተባለ ውል በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመረ። ለቀረጻ እንዲመች ጨዋታዎቹ በዙር በአምስት ከተሞች ብቻ ተደረጉ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ። ጎንደር የለችበትም። ስለዚህ ጎንደር ሻምፒዮን በሆነችበት ዓመት ጎንደር ላይ አንድ የሊግ ጨዋታ አልተደረገም። ፋሲለደስ ስታዲየም ዳር ያደገው ደጋፊና ሰቆጣ ላይ ዲኤስቲቪ ቤት ለመግባት ብር የሚቆጥረው ልጅ በዚያ ዓመት እኩል ነበሩ፤ ሁለቱም ቡድኑን ያዩት በመስኮት ነው። ዋግ ከሊጉ ጋር እኩል የሆነበት ብቸኛ ዓመት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እኩልነቱ ግን ክረምት አልወጣም። የሕወሓት ኃይሎች በዚያው የ2013 ክረምት ወደ ዋግና ላስታ ገፍተው ሰቆጣን ያዙ፤ ከተማዋ ነጻ የወጣችው በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ነው። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሰቆጣ ዙሪያ በመጠለያ ኖሯል። ትምህርት ቤት መጠለያ በሆነበት ቦታ፣ የትምህርት ቤቱ ሜዳም ድንኳን ይተከልበታል። የዋግን እግር ኳስ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከዚህ ውጪ ስለ ሜዳ የሚያወራው ብዙ የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳ መከራከሪያ አለ፦ «ድሃ አካባቢ በኳስ ሻምፒዮን አይሆንም፤ በየትም አገር እንዲህ ነው።» ግማሹ እውነት ነው። የጣሊያንን ሊግ ከግማሽ በላይ ያሸነፉት ሁለት ከተማ ውስጥ ያሉ ሦስት ክለቦች ናቸው፤ ጁቬንቱስ፣ ሚላንና ኢንተር። ከጁቬንቱስ ጀርባ እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ የፊያት ባለቤት የአኜሊ ቤተሰብ አለ። ደቡቡ በማራዶና ዘመን፣ በ1987፣ ናፖሊ እስኪያሸንፍ ድረስ የጠበቀው ከሰማንያ ዓመት በላይ ነው። ግን ካሊያሪ አለ። ሰርዲኒያ የእረኛና የማዕድን ቆፋሪ ደሴት ናት፤ በግ፣ ፍየል፣ ድንጋይ፣ ስደት። የአበርገሌ ፍየል አርቢ ቢያያት የማያውቀው ነገር ብዙ አያገኝባትም። የዚች ደሴት ክለብ እ.ኤ.አ. በ1970 የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ። አጥቂው ጂጂ ሪቫ የሰሜን ልጅ ነው፤ ጁቬንቱስ እየለመነው እምቢ ብሎ ደሴቷ ላይ ቀረ። ተረት ይመስላል። ተረት ብቻ አይደለም፤ ከክለቡ ጀርባ ደሴቷ ላይ የነዳጅ ማጣሪያና የኬሚካል ፋብሪካ የተከሉ ባለሀብቶች ገንዘብ ነበረ። የካሊያሪ ዋንጫ «ድሃም ይችላል» የሚል ታሪክ አይደለም፤ ኢንዱስትሪ ወደ ድሃ ምድር ሲሄድ ዋንጫ ሊከተለው እንደሚችል የሚያሳይ ነው። ሪቫ ሳይኖር ግን ገንዘቡ ብቻውን አይበቃም ነበር።

በኢትዮጵያ ያለው የገንዘብ መንገድ ከዚህ ይለያል። ከጥቂቶቹ በቀር የክለቦቹ ወጪ የሚሸፈነው ከከተማ አስተዳደር፣ ከክልል ወይም ከመንግሥት ድርጅት ካዝና ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ስምምነቱ ራሱ የሚነግረን ከዚያ በፊት ምን ያህል ይከፈል እንደነበር ነው። አብዛኛው ነዋሪ ቧንቧ በፈረቃ በሚያገኝበት ከተማ፣ አስተዳደሩ ከሌላ ክልል ለመጣ ተጫዋች የሚከፍለው ከሐኪሙ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ይህ የሚያመጣው ዋንጫ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። ጅማ አባ ጅፋር ሻምፒዮን በሆነ በአራተኛ ዓመቱ፣ በ2014፣ ከሊጉ ወረደ። ተጫዋቹ ሄደ፣ አሠልጣኙ ሄደ፣ ለጅማ ልጆች የተረፈ ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ የከተማዋ ሰዎች ፈንታ ነው።

አሁን ደግሞ ዝርዝሩ ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። በ2014 እና በ2015 ጊዮርጊስ። በ2016 ገና ከከፍተኛ ሊግ ያደገው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በመጨረሻው ቀን መቻልን ቀድሞ ዋንጫ ወሰደ። በ2017 ኢትዮጵያ መድን፤ አሠልጣኙ ያው ገብረመድኅን ኃይሌ፣ በሦስተኛ ክለብ ሦስተኛ ዋንጫ። የሰማንያ ዓመቱ መዝገብ ከወታደር ተነስቶ በጥጥና በቢራ በኩል አልፎ፣ በክልል ከተሞች ትንሽ ቆይቶ፣ ባንክና ኢንሹራንስ ላይ ደረሰ። ገንዘቡ ዛሬ የት እንዳለ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የፕላን ሚኒስቴርን ሪፖርት ከማንበብ ይህን ቢያይ ይቀለዋል።

ዋግ ዘውድ ያላየ ምድር አይደለም። የዛጉዌ ነገሥታት ዘር ነን የሚሉ ዋግሹሞች ለዘመናት የገዙት፣ ዋግሹም ጎበዜ ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. የነገሡበት አገር ነው። ዛሬ ግን የሰቆጣ ስም በአገር አቀፍ መድረክ በብዛት የሚነሳው በ«ሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ለማጥፋት የገባው ቃል ነው። ቃሉ ሰቆጣ ላይ የተገባው ያለ ምክንያት አይደለም። የተቀነጨረ ልጅ አጥንቱ ያጥራል፣ ጉልበቱ ይደክማል። ስለ ዋግ ኳስ ማውራት የሚጀመረው ከዚያ ልጅ ሳህን ነው፤ ከማልያ ስፖንሰር አይደለም።

ስለዚህ አንዳንድ የዋግ ወጣቶች «ለእኛም ክለብ ይቋቋምልን፣ ወደ ሊግ እንግባ» ሲሉ መልሱ እሺም እምቢም አይደለም። በሌሎች ከተሞች እንደተደረገው የብሔረሰብ አስተዳደሩን በጀት ተጫዋች መግዣ ማድረግ፣ ጦርነት ባፈረሳቸው ጤና ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች ላይ መቀለድ ነው። ሌላው ግን ብዙ ወጪ የለውም። ሰቆጣ ላይ በልኩ የተሠራ አንድ ሜዳ። ከዝቋላ፣ ከደሃና፣ ከጋዝጊብላ፣ ከሰሃላ፣ ከአበርገሌ፣ ከጻግብጂና ከሰቆጣ ዙሪያ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚገናኙበት የዓመት ውድድር፤ ለሴቶቹም እንዲሁ። የእነዚህን ልጆች ስም ጽፎ ወደ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና አዲስ አበባ የወጣት ቡድኖች የሚልክ አንድ ሠራተኛ። ከእነዚህ ውስጥ ዛሬ ሊጀመር የማይችል የለም፤ ቀኑን ከመቁረጥ በቀር። ቀኑም ቢሆን አለ። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ሻደይ ሲከበር ልጃገረዶቹ ከየወረዳው ለጨዋታ ሰቆጣ ይወርዳሉ፤ ወንድሞቻቸውም ተከትለው ይመጣሉ፤ አመራሩም ዲያስፖራውም በዚያ ሳምንት ከተማው ውስጥ ነው። ኳስና ሁለት ጎል ብቻ ነው የሚጎድለው።